አባዬ፣ ስለ 14ኛው ሲምፎኒ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰሞኑን አኩርፋለች። ቼሎውን ግን አልተወችም፤ ጎረቤቱን እያማረረች ነው። ትንሹ በአማርኛ መሳደብ ጀምሯል። አስተማሪው በስልክ አንተ ሳትሆን አትቀርም።

በቀደም ኮንሰርት ሄጄ ነበር። የሩሲያዊው አቀናባሪ የሾስታኮቪች ነው፤ ያንተ ሰው። አንተ ከሌኒንግራድ ባመጣኸው ሸክላ ያሳደግከን በ5ኛው ሲምፎኒው ነው። ይኼኛው 14ኛው ነው። ሲምፎኒ ይባል እንጂ በዜማ የተዘፈኑ 11 ግጥሞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ስለ ሞት ናቸው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ይዘፍናሉ። 19 ባለክር መሣሪያዎችና ጥቂት የምት መሣሪያዎች ያጅቧቸዋል። መለከት የለ፣ ዋሽንት የለ።

ግጥሞቹ የሎርካ፣ የአፖሊኔር፣ የኩሄልቤከርና የሪልከ ናቸው። ስፔናዊውን ሎርካን በፈረንጆቹ 1936 የጄኔራል ፍራንኮ ወገኖች ረሽነውታል። ኩሄልቤከርን የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አስሮ ወደ ሳይቤሪያ አግዞታል። በአንዱ የሎርካ ግጥም ሞት መጠጥ ቤት ይገባል፣ ይወጣል፤ እንደ ደንበኛ። አራተኛው ላይ ሴትዮዋና አንድ ቼሎ ብቻቸውን የቀሩ ይመስላሉ፤ መስቀል ስለሌለው መቃብር ነው የምትዘፍነው። ዘፈኑ በሩሲያኛ ስለነበር ትርጉሙን ከወረቀት ላይ በጀርመንኛ እየተከተልኩ ነበር። አንተ ብትኖር ወረቀቱን አትፈልገውም።

ሾስታኮቪች ይህን የጻፈው በፈረንጆቹ 1969 መጀመሪያ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። 62 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ ለተጋበዙ ሰዎች ሲቀርብ፣ ሌሎች አቀናባሪዎች ሞትን በብርሃንና በመጽናናት እንደሚጨርሱት፣ እሱ ግን እንደማይስማማ ተናገረ። አፖስቶሎቭ የሚባል የኮሚኒስት ፓርቲ ሰው ሙዚቃው ሳያልቅ ታሞ ወጣ፤ ከወር በኋላ ሞተ። ይህን ወሬ ያኔ ተማሪ ቤት ሳትሰማው አትቀርም።

መጨረሻው ላይ ሁለቱ ድምፆች አብረው ይዘፍናሉ። ከዚያ ክሮቹ አንድ ነገር እየደበደቡ ይፈጥናሉ፣ ይፈጥናሉ፣ ቁርጥ። እኛ ለቅሶ ቤት እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» እንባባላለን። እዚያ እሱም የለም። ይከፋኛል ብዬ ነበር። ግን ነገሩን ሳያድበሰብስ ስለነገረኝ እንደ ትልቅ ሰው የቆጠረኝ መሰለኝ።

ቅጂውን በቴሌግራም ልልክልህ ስል ታናሼን አማከርኳት። «ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይላካል?» አለችኝ። ከዚያ ደነገጠች። «ማለቴ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» አለች።

አባዬ፣ እማዬንም ትንሽ ጉንፋን ነው ብላችሁኝ ነበር። ቀጥሎ «ጠበል ሄዳለች» አልከኝ። ደግሜ ስደውል «ገና አልተመለሰችም» አልክ፣ ድምፅህን ቀና አድርገህ። እንዴት ቻልክበት? እማዬ እኮ ተቀብራ ነበር። አንድ ማለዳ የማኅበራችን ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ነፍሰ ጡር ነበርሽ ትላለህ። ልክ ነህ፣ ነበርኩ። ወጉም እንደዚያ ነው፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው አልጠፋኝም፤ ሚስትህን ቀብረህ የእኔን ስልክ እያነሳህ መቀለድ ለአንተም ቀላል አልነበረም። ግን አርባዋ እስኪወጣ ስለ ልጅ ልብስና ስለ ጋሪ ሳወራህ ነበር። «ለእማዬ ንገራት» እያልኩህ። አንተም «እሺ» እያልክ። እሷን «እሺ»ህን እስከዛሬ አልረሳኋትም።

የኩላሊቱ ምርመራ ውጤት ምን አለ? ታናሼ «ሐኪሙ አልነገረንም» ትላለች። ሐኪም ሳይናገር መድኃኒት አይለውጥም። ፋርማሲ ያጣኸውን መድኃኒት ስሙንና ሚሊግራሙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ፣ አስይዘዋለሁ። ጨው ቀንስ። ውኃ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቅ አትቀንስ፣ አታብዛም።

ሥራ ቦታዬ ተናግሬያለሁ፤ ፈቃድ ይሰጡኛል። ልጆቹን አባታቸው ይይዛቸዋል። መምጣት ካለብኝ አንተ በአንደበትህ «ነይ» በለኝ እንጂ ሰው በኩል እንዳታስጠራኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘህ ጠብቀኝ፤ ስልኩን ራስህ አንሳው።

ልጅህ