የጠቆረው ዳጣሽ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ፋሲካ ላይ «ዳጣዬ ጠቆረ፣ ውሃም ከላይ ቀረረበት፣ ምን በድዬው ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እስካሁን ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ሰበብ አልደረድርም። ለካሳው ይሁንሽ፣ የቃርያ ማባያው የዳጣ አሠራር ከነመጠኑ እነሆ።

ያንቺ ዳጣ የተበላሸው ገና ሳይፈጭ ይመስለኛል። ቃርያ ጭራው ሳይቀነጠስ ነው የሚታጠበው፤ አስቀድመሽ ከቀነጠስሽው ውሃው ሆዱ ውስጥ ይገባል። ከታጠበ በኋላ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አስጪው፤ ሲዳሰስ እርጥበቱ እስኪጠፋ ድረስ አትንኪው። ባሕር ዳር በክረምት ግማሽ ቀንም ላይበቃው ይችላል።

ለ1 ኪሎ ቃርያ 200 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 80 ግራም ዝንጅብል፣ አንድ ጭብጥ በሶብላ፣ አንድ ጭብጥ የድንብላል ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ጤና አዳም ሦስት ትንንሽ ቀንበጥ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጨው 40 ግራም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ። እንዳይበዛ ብለሽ አትቀንሽ፤ ዳጣውን የሚጠብቀው እሱ ነው። እንዳያቃጥልሽ ከፈለግሽ ፍሬውን በመልቀም አትድከሚ፤ ማቃጠሉ ያለው ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ሥር ላይ ነው።

ብሌንደሩ አልይዝ ሲልሽ ውሃ ጨምረሻል አይደል? የቀረረው ውሃ እሱ ነው። ቃርያውን ከትፈሽ ጨው ነስንሺበትና 20 ደቂቃ ተይው፤ የራሱን ውሃ ያወጣል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አስቀድሚ፣ ቃርያውን አስከትዪ፣ እያቆምሽ አዙሪ፤ ዝም ብሎ ከዞረ ይሞቅና ሽታው ይለወጣል። የድንጋይ ወፍጮ ካገኘሽ ግን ብሌንደሩን እርሺው። መጁ ሲመላለስ መጀመሪያ ፍሬው ይንጫጫል፤ ድምፁ ጠፍቶ ሊጡ ከመጁ ጋር ተጎትቶ መምጣት ሲጀምር ደርሷል።

ያጠቆረው በሶብላው ነው። የተቀጠቀጠ ቅጠል አየር ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ። ነጭ ሽንኩርቱ ሎሚ ነክቶት ወደ ሰማያዊ ቢያደላ ግን አትደንግጪ፣ አይጎዳም።

ቶሎ የሚበላ ከሆነ የአራት ሎሚ ጭማቂ ጨምረሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ በሳምንት ጨርሺው። ሎሚው ትንንሽ ከሆነ ስድስት ይፈልጋል። ኮምጠጥ ያለውን ከወደድሽ ያለሎሚ በደረቅ ጠርሙስ ጠቅጥቂው፣ ከአፉ ሁለት ጣት አጉድዪ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገሽ ሦስት ቀን አቆዪው። አረፋ ያወጣል፤ በቀን አንዴ ክዳኑን አላልተሽ አየሩን አስወጪ፣ ሊጡንም በደረቅ ማንኪያ ወደ ታች ተጫኚው፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከዚያ ሎሚውን ጨምረሽ ወደ ፍሪጅ። ሻጋታ ካየሽ ላዩን ገፍፈሽ አትብዪ፣ ሁሉንም ድፊው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ ዘይት አፍስሰሽበት ጓዳ ውስጥ አታስቀምጪ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ላይ ያለ ባክቴሪያ አየር በማያገኝ ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ መርዝ ሊያበጅ ይችላል፤ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም። ዘይት የምትወጂ ከሆነ ስታቀርቢ ሳህኑ ላይ ጠብ አድርጊበት።

እጅሽን ካቃጠለሽም መጀመሪያ በዘይት እሺው፣ ከዚያ በሳሙና። ውሃ ብቻ ማቃጠሉን ያዛምተዋል።

ዳጣን ወላይታዎች ከሥጋ ጋር ነው የሚያውቁት፤ እዚህ ጣና ዳር ደግሞ ከተጠበሰ ቀረሶ ጋር። ዓሣው በቢላ ሸንተር ሸንተር ተደርጎ ሲጠበስ ዳጣው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ለእኔ ከሥጋው ይሻላል፣ ወላይታዎቹ ይቅር ይበሉኝ። በዚህኛው ዙር ስንት ቀን አረንጓዴ እንደቆየ ጻፊልኝ፤ መልሱን ለሌላ ፋሲካ አላሳድርብሽም።

ያንቺው