የምስጋና መልእክት፦ በክረምቱ ርክክብ ለወጣችሁም ለገባችሁም

አራት ኪሎና ፒያሳ መካከል ካለው አዳሪ ትምህርት ቤታችን የርክክብ ኮሚቴ የተላከ

ልጆቹ በመስከረም ሻንጣቸውን ይዘው ሲገቡ መኝታ ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም፣ ክሊኒኩም ባለቤት ነበረው። ለወላጅ ይህ ተራ ነገር ነው፤ እንዲያ ሊሆንም ይገባል። አዳሪ ቤት የሠራ ሰው ግን በአንድ ክረምት ይህን ያህል ነባር ሠራተኛ ለቆ አዲስ ሲተካ ምን እንደሚያሰጋ ያውቃል። በቀን ትምህርት ቤት መምህር ቢጎድል አንድ ክፍለ ጊዜ ይባክናል። እዚህ የሌሊት ፕሮክተር (የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪ) ከጎደለ ልጅ ያለ ጠባቂ ያድራል። ስለ ረጅሙ አገልግሎታችሁ በሽኝቱ ዕለት ብዙ ተብሏል፤ ይህ ደብዳቤ የሚያመሰግነው አወጣጣችሁንና አገባባችሁን ነው።

በቅድሚያ፣ መልቀቃችሁን ገና በግንቦት ለነገራችሁን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል። ለአዳሪ ቤት 30 ቀን አይበቃም። ማስታወቂያው፣ ፈተናው፣ የጣት አሻራው፣ የጤና ምርመራው፣ ተያዥ መጥራቱ ወሩን ይጨርሱታል፤ ተተኪው ከለቃቂው ጎን ቆሞ የሚሠራበት አንድ ቀን እንኳ አይተርፍም። በዚህ ክረምት የተረፈው እናንተ ስላስተረፋችሁት ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። የንብረት ርክክብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሌብነት አይደለም። ብርድ ልብሱ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) የወጣው ከሁለት ፕሮክተር በፊት በነበረው ሰው ስም ይሆንና አሁን የያዘው አልፈረመበትም፤ የፈረመው ደግሞ ከለቀቀ ቆይቷል። ጋሼ ሁሉንም መጀመሪያ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ወደ ግምጃ ቤት መለሱ፤ ከዚያ በአዲሱ ሰው ስም እንደገና በሞዴል 22 አወጡ። ወረቀቱ ይበዛል፣ ክርክሩ ግን ያልቃል። ቆጠራውን ያደረጉት ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ አዲሶቹ ሳይገቡ ነው፤ ልጆች ካሉ ፍራሽ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ያው አንዱ ፍራሽ ሁለቴ ይቆጠራል። አንድ ሰው እየጠራ ሌላው ይጽፋል፣ ያለቀው ክፍል ወዲያው ይታሸጋል። ዝርዝሩን በመጀመሪያው ዙር ለቆጣሪው አልሰጡም። ዝርዝር የያዘ ሰው የሚያየው የተጻፈውን ነውና ክፍሉ ውስጥ ያለው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት። የባለሁለት ደርብ አልጋዎቹን ብሎንና መሰላል ለብቻ ማስቆጠራቸው ሲያስቀን ነበር፤ አልጋው ቆሞ መሰላሉ ሲጠፋ ግን ልጅ በፍሬሙ ላይ ሲወጣ ይወድቃል።

ቁልፍን «ጥበቃ ጋር አስቀምጬዋለሁ» ብሎ የሄደ ማንም አልነበረም። ጥበቃ በፈረቃ ይቀያየራል፣ ቁልፉ ያለ ፊርማ ከእጅ እጅ ያልፋል፣ ሦስተኛው ሰው ጋ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እያንዳንዱ ቁልፍ በር ላይ ተሞክሮ፣ ቁጥር ታስሮበት፣ ትርፉም ተጠቅሶ ተፈርሞበታል። ለዚህ ለፕሮክተሮቹ ምስጋናችን የላቀ ነው።

እትዬ ዋና ጋጋሪያችን እርሾውን በሁለት እቃ ከፍለው ነው ያስረከቡት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። የሐምሌ ብርድ ሊጥ ያዘገያል፤ አዲሷ ጋጋሪ የበጋውን ሰዓት ይዛ ብትጋግር እንጀራው ዓይን አያወጣም ነበር። አብሲቱን መቼና ምን ያህል እንደሚጥሉ በቃል ከመንገር ይልቅ አብረው ጋገሩ። የትኞቹ ምጣዶች አንድ ላይ ሲበሩ ቆጣሪው እንደሚጥልም በማርከር ግድግዳው ላይ ጽፈው ሄዱ። ያቺን ጽሑፍ ማንም ቀለም ቀቢ እንዳይነካት አደራ።

የክሊኒኩ ርክክብ የተደረገው በሁለት ነርሶች ፊት ለፊት ነው። የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፍሬያቸው ተቆጥሮ፣ የልጁ ስም፣ መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ ተፈራረሙ። እህታችን ነርሷ አንድ ገጽ ጨምራለች፦ ሌሊት ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል መሄድ ቢያስፈልግ የትኛው በር እንደሚከፈት፣ ሹፌሩን ማን እንደሚቀሰቅስ፣ የወላጅ የስምምነት ቅጽ የት እንደተቀመጠ። እንዲህ ያለ ወረቀት በፋይል ውስጥ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ በፕሮክተሮች ክፍል በር ጀርባ ተለጥፏል።

በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ ተነስታችሁ በከተማዋ ዳር የሰፈራችሁ የሌሊት ሠራተኞች፣ የፈረቃ መቀያየሪያው ወደ ቀኑ 11 ሰዓት እንዲመጣ ያቀረባችሁት ሐሳብ ሁላችንንም ጠቅሟል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው ታክሲ ሲያስጨንቀው ርክክቡን ያቻኩላል። አሁን ግማሽ ሰዓት ሁለቱ ፈረቃዎች አብረው ይቆማሉ፤ የታመመ፣ ያልተመለሰ፣ የተጣላ ልጅ ካለ በቃልም በመዝገብም ይተላለፋል።

የፋይናንስና የሰው ኃይል ባልደረቦቻችን ደግሞ ክሊራንስ (ለቃቂው ንብረትም ዕዳም እንደሌለበት የሚፈረምበትን ወረቀት) ይዞ ከቢሮ ቢሮ ፊርማ መልቀምን አስቀሩልን። ፈራሚዎቹ ሁሉ አንድ ቀን በአንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ለቃቂው ዞሮ ወጣ። ይህ ለምቾት ተብሎ የተደረገ እንዳይመስላችሁ፤ የለቀቀ ሠራተኛ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ በሠራተኛው ጥፋት ንብረት ሳይመለስ ከዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱት አንድ መጽሐፍ የወር ደመወዝ ሊያዘገይ የሚችለው ለዚህ ነው። የግምጃ ቤት ሠራተኞች ተያዦችም ርክክቡ እንዳለቀ የመልቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል። ብዙ ቦታ ይህ ይዘነጋና ተያዡ ለማያውቀው ንብረት ተጠያቂ ሆኖ ይቀራል።

አዲስ የገባችሁ፣ ተማሪ በሌለበት በነሐሴ መጥታችሁ ባዶውን ሕንፃ ለማጥናት ፈቃደኛ ስለሆናችሁ እናመሰግናለን። ልጅን ማን ሊወስድ እንደሚችል የሚያሳየውን የአሳዳጊዎች ዝርዝር ተቀብላችሁ በስልክ አንድ በአንድ ማጣራታችሁ ማንም ያላዘዛችሁ ሥራ ነው፤ የተቀየሩት ቁጥሮች የተገኙትም በዚያ ነው። የሙከራ ጊዜያችሁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ የሚቆጠረውም ሥራ ከጀመራችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥር ቀድሞ ያላችሁ አዲስ አታውጡ፤ ያንኑ ለሰው ኃይል ስጡ። የእናንተ 7 በመቶና የትምህርት ቤቱ 11 በመቶ በዚያው ቁጥር መግባት አለበት።

የለቀቃችሁና የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ያልወሰዳችሁ ጥቂቶች አላችሁ። ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተዘጋጅቷል። መታወቂያ ይዛችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡00 ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ብቅ በሉ። ወጥ ቤቱም ሻይ አያጣም።

የርክክብ ኮሚቴው