የድረ ገጻችሁን አድራሻ አትተዉት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የድረ ገጹ ወጪ ስለከበደ ዜናዎቻችሁን ከእንግዲህ በፌስቡክ ገጻችሁና በቴሌግራም ቻናላችሁ ብቻ እንደምታወጡ የሚገልጸውን ማስታወቂያችሁን አነበብኩ። ውሳኔው እንደገና እንዲጤን እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም በራሴ ስለደረሰ ነው።

ለዘጠኝ ዓመታት ስለ ደሴ የሰፈር ስሞችና አሮጌ ቤቶች በአንድ የውጭ ኩባንያ ነፃ የብሎግ አገልግሎት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ኩባንያው አገልግሎቱን እንደሚዘጋ በኢሜይል ሲያሳውቅ ጽሑፌን የማወርድበት ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። ያወረድኩትን ፋይል ስከፍት ጽሑፉ አለ፤ በፎቶግራፎቹ ቦታ ግን የተቀመጠው ወደ ኩባንያው ሰርቨር (ፋይሎቹን በኢንተርኔት ወደሚያቀርበው ኮምፒውተር) የሚመራ አድራሻ ብቻ ስለነበር፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ እነሱም አብረው ጠፉ። ከሁሉ ያንገበገበኝ የአንባቢዎች አስተያየት ነው። አንድ አዛውንት ስለ አንድ ሰፈር ስም አመጣጥ የጻፍኩትን ስሕተት በሦስት አንቀጽ አርመውልኝ ነበር፤ ያ እርማት ዛሬ የትም የለም።

በትልልቆቹም የሆነው ይኸው ነው። ያሁ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ገጽ የያዘውን ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሠራው የብሎግ አገልግሎት ታይፕፓድ ደግሞ በ2025 ሲዘጋ፣ ከማስታወቂያው እስከ መዝጊያው ዕለት ለደንበኞቹ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት እንኳ አይሞላም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፍ በተጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሎቻችን የየራሱን የቁጥር ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር (እኔ ዛሬም ላነባቸው ያልቻልኩ ፋይሎች አሉኝ)። ከዚህ የገላገለን የአንድ ኩባንያ ደግነት ሳይሆን፣ ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የቁጥር ኮድ የሚሰጠውና ማንም ሳይከፍልና ሳያስፈቅድ ሊጠቀምበት የሚችለው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ማካተቱ ነው። ለድረ ገጽ ደግሞ ገጾች የሚጻፉበት ኤችቲኤምኤልና አዲስ የወጡ ጽሑፎችን ዝርዝር ለአንባቢው መተግበሪያ የሚያደርሰው አርኤስኤስ እንዲሁ ለሁሉም ክፍት ናቸው። አርኤስኤስ ያለውን ጋዜጣ አንባቢው በፈለገው መተግበሪያ ይከታተለዋል፤ የትኛው ዜና ይድረሰው፣ የትኛው ይቅር ብሎ በመካከል የሚወስንበት ኩባንያ የለም።

ፌስቡክንና ቴሌግራምን ተዉ አልልም፤ አንባቢው ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ዋናው ቅጂ በራሳችሁ ዶሜይን (በስማችሁ በተመዘገበው የድረ ገጽ ስም) ላይ፣ እያንዳንዱም ጽሑፍ በማይለወጥ አድራሻ ይቀመጥ፤ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያው የሚሄደው ማስፈንጠሪያው ይሁን። ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢያስወድድ ፋይሎቹን ወደ ሌላ አዛውራችሁ ዶሜይኑን ወደዚያ ማዞር ትችላላችሁ፤ አንባቢው የሚያውቀው አድራሻ እንደነበረ ይቀጥላል። ወጪው ካስቸገረ ደግሞ ያጌጠውን ገጽ ትታችሁ ጽሑፉን ብቻ በቀላል ኤችቲኤምኤል አቆዩት፤ እንዲህ ያለ ገጽ ብዙ የሰርቨር አቅም አይጠይቅም።

ይህም ካልተቻለ በየጊዜው የሚታደሰውን የዶሜይን ስም ምዝገባ ብቻ አታቋርጡ። የእድሳቱ ጊዜ ካለፈ ስሙን ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ያኔ በመጻሕፍትና በመመረቂያ ጽሑፎች ግርጌ የተጠቀሱት አድራሻዎቻችሁ ሁሉ አንባቢውን የሚወስዱት ወደ እሱ ገጽ ይሆናል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ