ለከንፈርና ለትከሻ ግሥ ፍለጋ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን እንደ ወትሮው በመስከረም መጨረሻ አባላቱን መዝግቦ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጦ፣ ሐሙስ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል መሰብሰብ ጀመረ። በዕቅዱ የነበሩት ክርክር፣ የሰልፍ ላይ ንባብና የግድግዳ መጽሔት በየተራቸው ተከናውነዋል፤ ዝርዝራቸው ለርእሰ መምህሩ ቢሮ በገባው የሥራ ክንውን ሪፖርት ስለሚገኝ እዚህ አልደግመውም። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው በዕቅዱ ባልነበረ፣ ነገር ግን ከኅዳር ጀምሮ አብዛኛውን የክበቡን ጊዜ በወሰደ አንድ ሥራ ላይ ነው፤ እርሱም በየዕለቱ በእጃችን፣ በራሳችን፣ በትከሻችንና በፊታችን ለምናደርጋቸው ምልክቶች ተስማሚውን የእንግሊዝኛ ግሥ መፈለግ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት ነው። ተማሪዋ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የትውልድ ቀበሌዋ ስለነበረ ለቅሶ በእንግሊዝኛ ጽፋ ለክበቡ አነበበች። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ድንኳኑ፣ አስለቃሿ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱት ሴቶች ሁሉ ዓይን ላይ የሚቀሩ ሆነው ተስለዋል። ጎረቤቶች የሟችን ሕፃናት አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ ለማለት ግን መዝገበ ቃላት ገልጣ ከከንፈር ጋር ተያይዞ ያገኘችውን «ስማክ» የሚለውን ግሥ ወሰደች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከንፈሩን «ስማክ» አደረገ ከተባለ ምግብ አምሮት፣ ወይም በልቶ ጣፍጦት ከንፈሩን እያጣበቀና እያላቀቀ ድምፅ አሰማ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ለቅሶ ደራሾቹ ወላጅ ያጡትን ልጆች አይተው ምራቃቸውን የዋጡ መሰሉ። አባላቱ ሲስቁ ተማሪዋም አብራ ሳቀች፤ ቀጥላ ያነሣችው ጥያቄ ግን የዓመቱን ሥራ ወሰነው፦ «ታዲያ እነሱ ሰው ሲያሳዝናቸው አፋቸውን ምን ያደርጋሉ?»

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ምልክቱን ራሱን በቅርብ ማየት አስፈለገን። አባላቱ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አንዱ ከንፈሩን ሲመጥ ሌላው አፉን አጥንቶ የሚያየውን እንዲጽፍ ተደረገ። በአማርኛ ስሙ ለከንፈር ይሰጥ እንጂ ድምፁን በአመዛኙ የሚያወጣው ምላስ ሆኖ ተገኘ፤ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ተጣብቆ ቆይቶ፣ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ሲላቀቅ ያ የምናውቀው ድምፅ ይወጣል። በቋንቋ ጥናት ይህ ድምፅ ክሊክ የሚባል ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ የሚነገሩት ዙሉና ኮሳ እንደ ማንኛውም ተነባቢ በቃላቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ ፊደል ስለሌለው «ተት» ብሎ ይጽፈዋል፣ ከዚያም ግሥ አውጥቶለታል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ «ተት» ያለ ሰው አላዘነም፤ ነገሩን አልወደደውም፣ ወይም ትዕግሥቱ አልቋል። ምላሱን «ክሊክ» አደረገ ቢባልም አንባቢው የሚያስበው ቅሬታን ወይም ፈረስ ለማስኬድ የሚሰማውን ድምፅ ነው። በካሪቢያን አገሮች ደግሞ ጥርሱን «ሳክ» አደረገ (መጠጠ) የተባለ ሰው የሚያሳየው ግልጽ ንቀት ነው። አፍ የሚሠራው ሥራ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ በጎጃም ርኅራኄ የሆነው ሌላ ቦታ ቁጣ፣ ሌላ ቦታ ንቀት ይሆናል ማለት ነው።

ተማሪዋ በመጨረሻ ምላስን የሚጠራውን «ክሊክ» የሚለውን ግሥ ወስዳ «በሐዘኔታ» የሚል ሐረግ አስከተለችበት። ሌላ አባል በበኩሉ የአፉን ሥራ ትቶ «ለስለስ ያለ የሐዘኔታ ድምፅ አሰሙ» የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር አቀረበ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምስሉን ቢቀንስም አንባቢን አያሳስትምና። ተማሪዋ ግን «አፉ ካልታየማ ለቅሶውን አላዩትም» ብላ በራሷ ጸናች። ሁለቱም በክበቡ ደብተር ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ ደብተሩ በፍጥነት ሞላ። «ራሱን ነቀነቀ» የሚለው አማርኛ ብቻውን ሲቆም ሰውየው ይስማማ ወይም ይከልክል አይለይም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል፣ ወይም ጸሐፊው «በአዎንታ» ወይም «በአሉታ» ብሎ ይጨምራል። እንግሊዝኛ ግን ገና ከግሡ ያስመርጣል። ወደ ታችና ወደ ላይ ከሆነ «ኖድ»፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሆነ «ሼክ» ነው፣ መካከለኛ የለውም። ብዙ ተማሪዎች በየድርሰቱ ሁሉንም «ሼክ» ሲያደርጉ ስለኖሩ፣ እሺታ ያሰቡበት ሁሉ እምቢታ ሆኖ ይነበብ ነበር።

ትከሻ ደግሞ ለእኛ አገር ተማሪ የተለየ ፈተና ነው። መዝገበ ቃላት «ሽረግ» ለሚለው ግሥ ትከሻ መስበቅን ይሰጣል፤ ይህም ስሕተት አይደለም፣ እኛም «ምን አገባኝ» ወይም «እኔ እንጃ» ለማለት ትከሻችንን እንሰብቃለንና። ነገር ግን በጎጃም ሠርግ ላይ ትከሻ የሚሰበቀው ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ አባል የእኅቱን ሠርግ ሲገልጽ የሙሽራው ሚዜዎች ከዘፈኑ እስከ ዘፈኑ በ«ሽረግ» ላይ እንደዋሉ ጽፎ ነበር፤ እንግሊዛዊ ቢያነበው ስለ ጋብቻው ምንም የማያውቁና ደንታ የሌላቸው ሚዜዎች ይመስሉታል። «ሺሚ» የሚል የዳንስ ግሥ እንዳለ ተነሣ፤ ሴቶቹ አባላት ግን ዳሌን ስለሚጨምር እስክስታን አይመስልም ብለው ተቃወሙ፣ አንዷም ተነሥታ ከወገቧ በታች ሳትነቃነቅ ትከሻዋን ብቻ እያርገፈገፈች ልዩነቱን አሳየች። ክርክሩ በዚያው አበቃ። እስክስታ በስሙ እንዲጻፍና ትከሻው፣ ደረቱና አንገቱ የሚሠሩት በሚከተለው ዐረፍተ ነገር እንዲገለጽ ተስማምተናል፤ ለሌላው ቋንቋ የሌለውን ነገር በተቀራራቢ ግሥ ከማድበስበስ ስሙን ከነመግለጫው መስጠት ይሻላል የሚል አቋም ክበቡ የያዘው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የረዳን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በቅኔ ቤት የቆየ አንድ አባል ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱ ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ፤ ነገር ግን ግሥ ሲነሣ ሁልጊዜ «ገቢር ነው ተገብሮ? ማንን ይቀበላል?» ብሎ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበትን ተሳቢ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር አቃንቷል። «ሽረግ» የሚቀበለው የአድራጊውን ትከሻ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ትከሻ አይቀበልም። በአማርኛ «ፊቱን አማተበ» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «ክሮስ» የሚለው ግሥ ፊትን ከተቀበለ ሰውየው ፊቱ ላይ መስመር ያሰመረ ስለሚመስል፣ «ራሱን» የሚለውን ተውላጠ ስም መቀበል አለበት። ተቀባዩን ጨርሶ ካጣ ደግሞ መንገድ የተሻገረ ይሆናል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ይህንኑ ጥያቄ ቀድመው አስበውበታል። በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ባሳተመው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ግሥ ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንደሚስማማው አብሮ አሳይቷል፤ ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚያገላብጧቸው የዚህ ዓይነት መጻሕፍትም ያንኑ ልማድ ይከተላሉ። ልጁ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረው ጥያቄ ከመዝገበ ቃላቱ አሠራር ጋር ሲገጥም አባላቱ ተደንቀዋል፤ እኔ ግን፣ ግሥ ሳያወርድ፣ ማለትም የግእዝ ግሦችን ሳያጠና፣ ቅኔ የዘረፈ የጎጃም ተማሪ ስለሌለ፣ ብዙም አልገረመኝም።

በጥር ወር ተራው የ«አዎን» ነበር። ሰው ሲያወራን መስማማታችንን ለማሳየት አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምናሰማውን አጭር ድምፅ ሁላችንም እናውቃለን፤ በስካንዲኔቪያ አገሮችና በአየርላንድም «አዎን» ትንፋሽ እየተሳበ ሲባል ይሰማል። መዝገበ ቃላት ለዚህ የሚያቀርበው ግሥ «ጋስፕ» ነው፤ ይህ ግሥ ግን የደነገጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው። አያቱ የጎረቤታቸውን ወሬ እያዳመጡ በየመካከሉ «ጋስፕ» አደረጉ ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ አሮጊቷን በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መወሰድ ያለባቸው አስመስሏቸዋል። «ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው መስማማታቸውን ገለጹ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ተመራጭ ሆኗል።

በዚሁ ሰሞን ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት መግለጫዎች ባሳተመው መጽሐፍ የአበሾችን ምልክት ጠቅሶ እንደነበር ለአባላቱ ነገርኋቸው። እንደ እርሱ አጻጻፍ አበሻ እምቢታውን የሚገልጸው አፉን ዘግቶ ቀለል ያለ ድምፅ እያሰማ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ነቅነቅ በማድረግ ነው፤ አዎንታውን ደግሞ ራሱን ወደ ኋላ ቀና፣ ቅንድቡንም ለቅጽበት ከፍ በማድረግ ይገልጻል። አባላቱ በሳምንቱ በየቤታቸውና በገበያ ተመልክተው እንዲመጡ ተስማማን። ስለ ቅንድቡ ሁሉም ተስማምተው መጡ፤ ዛሬም በጎጃም ገበያ «በዚህ ዋጋ ይሸጣል?» የተባለ ነጋዴ ቃል ሳያወጣ በቅንድቡ ብቻ «አዎን» ይላል። ስለ ቀኝ ትከሻው ግን የተስማማ አልተገኘም፤ አንዳንዱ ግራም ቀኝም አይቻለሁ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አላየም። ለእኛ የጠቀመን ሌላ ነገር ነው። ዳርዊን ለአበሻ አዎንታ አንድ ግሥ አልፈለገም፤ ራሱ ምን እንዳደረገ፣ ቅንድቡ ምን እንዳደረገ ቆጥሮ ጽፎ፣ ትርጉሙን በአጠገቡ አስቀመጠ። አባላቱም ከዚያ ወዲህ ግሥ ሲያጡ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሰውን በእጅ መጥራት «ቤከን» ነው፤ ግሡ ትክክል ሆኖ ምስሉ ይለያያል። እኛ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን ወደ ራሳችን እናጥፋለን፤ እንግሊዛዊው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በጣቱ ይጠራል፣ ይህ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ የእኛው ደግሞ ለእርሱ «ደኅና ሁን» ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ በምልክቱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ የመዳፉ አቅጣጫ ይጻፍ። እጅ መንሳት «ባው» ነው፤ በዚሁ ሆሄ የሚጻፈውና «ቦው» ተብሎ የሚነበበው ግን የቀስት ደጋን ስለሆነ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ተማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ትከሻ ለትከሻ ገጨት ተደራርጎ ሰላም ማለትን «ረብ» በሚለው ግሥ የጻፈ አባል፣ ከታላላቅ ሰዎች ጋር እንደዋለ የሚገልጽ ፈሊጥ ሳያስበው ስለጻፈ «በምፕ» በሚለው ተተካለት። ለእልልታ «አሉሌት» የሚል ከላቲን የመጣ ግሥ አለ፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ብዙ እንግሊዞች ራሳቸው የማያውቁት የመጽሐፍ ቃል ስለሆነ በክርስትና ድግስ መካከል ሲገባ ይቀዘቅዛል። አባላቱ ግን ቃሉን ወደዱት፤ የክበቡ ጸሐፊ ሳያስፈልግም ያስገባዋል።

በወላጆች ቀን ክበቡ አጭር ጭውውት አቅርቧል። አንድ ልጅ እንግዳ ሆኖ ከመዝገበ ቃላት የተማረውን ብቻ እያነበበ በገበያ መካከል ይዞራል፤ ሻጮቹ በቅንድብ «አዎን» ሲሉት ያልተቀበሉት እየመሰለው ዋጋ ይጨምራል፣ በእጅ ሲጠሩት እያሰናበቱት መስሎት ይሄዳል። ጭውውቱ ከተመደበለት ጊዜ በላይ ሄዷል፤ ለዚህም ቀጥሎ የነበረውን የስፖርት ክበብ ይቅርታ ጠይቀናል። ይሁንና እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶችና አባቶች ያለ አስተርጓሚ የሳቁበት ዝግጅት በመሆኑ፣ ከክርክሩ ይልቅ ለዚህ ተመሳሳይ ነገር በሚቀጥለው ዓመት ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

አንዳንድ መምህራን ይህ ሁሉ ለፈተና ምን ይጠቅማል ብለው ጠይቀውኛል። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ ስለሆነ ከንፈር የመጠጠ ሰው በእርሱ ውስጥ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው፤ አያቱ እንዴት እንደሚያዳምጡ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሳያሳስት መጻፍ የቻለ ልጅ፣ የባዮሎጂ ሙከራውን ለመግለጽም የሚከብደው አይመስለኝም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የአባላቱ የቤተ ሙከራ ጽሑፍ መሻሻሉን የባዮሎጂ መምህራችን በራሳቸው አንደበት ነግረውኛል፤ ምክንያቱ ክበቡ ብቻ ነው ማለት ግን አልችልም።

ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ የመዝገበ ቃላት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አባል ያልሆነ ተማሪም ሆነ መምህር በእርሳስ ሊጨምርበት ይችላል። መልስ ሳያገኝ ያደረው ግልምጫ ነው። «ግሌር» የሚለው ግሥ ዓይንን ማፍጠጥ ስለሆነ ይበዛበታል፤ «ግላንስ» ቶሎ አይቶ ማለፍ ብቻ ስለሆነ ቁጣው ይቀርበታል፤ ገላማጩ አንገቱን ዞር አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ፊቱን መልሶ የሚያዞረው ደግሞ በሁለቱም ውስጥ የለም። የሚቀጥለው ዓመት ክበብ በጥቅምት ሥራውን የሚጀምረው በዚሁ ነው፤ ሐሳብ ያለው ሁሉ ሐሙስ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ይምጣ።