ስም ከማዕቀብ ዝርዝር ከመሰረዙ በፊት ተጎጂው ይጠየቅ

ለአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ የውጭ ሀብት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ዋሽንግተን ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ እናንተው ስለጣላችሁት ማዕቀብ ነው።

ኦገስት 23 ቀን 2021 በኤርትራ ጦር ኤታማዦር ሹም በጄኔራል ፊሊጶስ ወልደዮሐንስ ላይ የሰብዓዊ መብት ጥሰትና ሙስና ፈጻሚዎችን በሚቀጣው በግሎባል ማግኒትስኪ ሕግ ማዕቀብ ጣላችሁ። የዚያን ቀን መግለጫችሁን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገሩን አላድበሰበሳችሁም። እሳቸው የሚያዙት ሠራዊት ትግራይ ውስጥ ሰው እንደደፈረ፣ ሰላማዊ ሰዎችን መንገድ ላይ እንደተኮሰ፣ ቤት ለቤት እየፈተሸ ወንዶችንና ወጣቶችን እንደገደለ፣ ቤተሰብ አስወጥቶ በቤቱ እንደገባበት ጻፋችሁ። የአስመራ መንግሥት ውንጀላው መሠረተ ቢስ ነው አለ።

አክሱምን ግን የሚረሳ የለም። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ለጽዮን ማርያም በዓል ቀን ሲቀረው። በደህናው ጊዜ ከተማዋ ነጠላ ባጣፋ ምዕመን የምትጥለቀለቅበት ሰሞን። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከግድያው የተረፉና ያዩ 41 ሰዎችን አነጋግሯል፤ ከ240 በላይ የሟቾች ስምም ሰብስቧል። የኤርትራ ወታደሮች አስከሬን እንዳይነሳ ከልክለው ነበር። አስቡት፣ ወንድምህ ደጅህ ላይ ወድቆ ታየዋለህ፣ ግን አትነካውም። በኋላ ሬሳው በጋሪ እየተጫነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ተሰብስቦ ነው የሚቀበረው። ለእነሱ ይህ ሁሉ ቀረባቸው።

ማዕቀቡ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሀብት ያግዳል፣ አሜሪካዊ ከሰውየው ጋር እንዳይነግድም ይከለክላል። «አሜሪካ ገንዘብ የሌለውን ሰው ምን ይጎዳዋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይጠቅማል ባይ ነኝ። እስካሁን ለአክሱም ሟቾች የቆመ ፍርድ ቤት አላየንም። አዛዡን በስሙ ጠርቶ «ኃላፊው ይህ ነው» ያለ መንግሥታዊ ሰነድ ለቤተሰቦቻቸው ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በደንባችሁ መሠረት ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው ስሙ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። በኢሜይል ቢልክም ይበቃዋል። ቀጠሮ ሰጥታችሁ እንድታነጋግሩት መጠየቅም ይችላል። ይህ መብቱ ነው፣ መኖሩም ደግ ነው። ግን ልጇን የቀበረችው እናት በዚያ ሂደት ውስጥ የት አለች? ማንም እንዲጠይቃት ደንቡ አያዝም። የቀይ ባሕር ፖለቲካ ሲለዋወጥ፣ አንዱ ሲፈለግ ሌላው ሲገፋ፣ ያ ስም በሆነ አርብ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ሳይሰማ ቢሰረዝ እሷ የምታውቀው ከፌስቡክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴፕቴምበር 2021 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ የኢትዮጵያና የኤርትራ መንግሥታትን፣ ሕወሓትንና የአማራ ክልል መንግሥትን ሰዎች ሁሉ በማዕቀብ መንካት ይፈቅዳል። ኖቬምበር 12 ቀን በዚሁ ትዕዛዝ የዘረዘራችኋቸው አራት ተቋማትና ሁለት ሰዎች ግን ሁሉም የኤርትራ ናቸው። በማርች 2023 ደግሞ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ብሊንከን የኢትዮጵያ መከላከያ፣ የኤርትራ ጦር፣ የሕወሓት ኃይሎችና የአማራ ኃይሎች የጦር ወንጀል ፈጽመዋል ብለው አወጁ። ታዲያ የሌሎቹ አዛዦች ስም የት ገባ? እዚህ ዲሲ አካባቢ ይህን ስናገር «የማን ወገን ነህ?» ይሉኛል። የእኔ ብሔር አዛዥም ቢሆን ሰው አስጨርሶ ከሆነ ስሙ ይጻፍ። ማዕቀብ ለአንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ያጠፋው ሁሉ «ፖለቲካ ነው» ብሎ ያመልጥበታል።

የምጠይቃችሁ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። የዚህ ጦርነት ማንኛውም አዛዥ ይሰረዝልኝ ብሎ ካመለከተ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ማስታወቂያ አውጡ። ማስታወቂያው በትግርኛም በአማርኛም ይሁን፤ የመቀሌዋም የሱዳን መጠለያ ያለችውም እንድታነበው። ቢያንስ 90 ቀን ስጧቸው። የምስክሮቹን ስም ደብቁላቸው፣ አሁንም የሚፈሩ አሉና። ከዚያ ስሙን ከሰረዛችሁት ምክንያቱን ጽፋችሁ አውጡት። የተጻፈ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ