ሞርፊኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ካንሰር ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምርመራና ስለ ኬሞ ነው። ጥሩ ነው። ከሆስፒታል ወጥተን ቤት ስንገባ ስለሚጠብቀን ሌሊት ግን ማንም አይነግረንም።

እናቴ የማሕፀን በር ካንሰር ታማ ጨረርና ኬሞ ላይ ነች። ወገቧን ሲያማት መጀመሪያ ፓራሲታሞል ሰጧት፣ ቀጥሎ ትራማዶል፣ በኋላ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን የሞርፊን ሽሮፕ፤ ያ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚወጣው። ሁለት ቀን ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ ይዤ ስገባ ታላቅ ወንድሜ ተቀብሎኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። «ሱስ ያስይዛታል» አለ። አክስቴ ደግሞ «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀላት» ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቴም ልጆቼን አላስቸግር ብላ ጥርሷን ነክሳ ዝም። እኛ ቤት መቻል እንደ ሙያ ነው የሚቆጠረው። እናም የምንሰጣት ስትጮህ ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እሷ ትንቆራጠጣለች፣ እኛ እንተያያለን።

በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟ ይህን ሰምተው ተቆጡ። ለካንሰር ሕመም በታዘዘው ልክ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው አሉን። ሰውነት ይለምደዋል፣ ስለዚህ በድንገት አይቋረጥም፣ ግን መልመድና ሱስ ለየቅል ናቸው። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፣ መሀል ላይ ከባሰባት ደግሞ ተጨማሪ አለ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰዓቱ ስጡ ማለት የጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

በሰዓቱ ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሲስተሯ የሌሊቱን እንድትዘል ብላ «10 ላይ እጥፍ» ብላ ጻፈችልን፣ በፈረንጅ ሰዓት። እህቴ በእኛ ሰዓት አነበበችውና እጥፉን ሊነጋጋ ሲል 10 ሰዓት ላይ ሰጠቻት። ሌሊቱን ስትቃትት አድራ ቀኑን ሙሉ ስታንቀላፋ ዋለች። አሁን ወረቀታችን ላይ ጠዋት 12፣ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ምሽት 4 ብለን ጽፈናል፤ የምሽቱ 4 እጥፍ ነው (ይህ ለእሷ የታዘዘ ነው፣ ለሌላ ሰው እንዳትገለብጡት)። ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች። እንቅልፍ ስል በጤናዋ ነው፤ ቀስቅሰናት አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለ ሆድ ድርቀት ግን ማን ይንገረን! ስድስት ቀን ሰገራ ሳይወጣት፣ አፍራ ሳትነግረን። ድብታው በጥቂት ቀን ይለቃል፣ ድርቀቱ ግን ሞርፊኑ እስካለ አይለቅም፤ የሆድ ማለስለሻው አብሮ ነው መታዘዝ ያለበት። በዚያ ላይ የዐቢይ ጾም ገብቶ እስከ 9 ሰዓት ምንም በአፌ አይገባም አለች። ሐኪሙም እኛም ያቃተንን የነፍስ አባቷ በአንድ ቃል ጨረሱት።

ጎረቤት ዲክሎፍናክ የሚባለውን ማስታገሻ ይዞ ይመጣል፣ በቅንነት ነው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን ኩላሊትም ይጎዳል፣ ሆድም ያደማል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ትኩሳት ሳይለካ አይዋጥም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ ኬሞ ላይ ደግሞ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቤት አይቀመጥም።

ከዚያ ጠርሙስ ጋር በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት የተጻፈች አንዲት ወረቀት ብትሰጠን ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። የጤና ዓምዳችሁ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ አናግሮ ቢያወጣት ቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፋት ብዙ ቤት አለ።

ቁም ሳጥኑ አሁንም ይቆለፋል፣ ትንንሽ ልጆች ስላሉን። ቁልፉም ያው ወንድሜ ጋ ነው፤ ምሽት 4 ሰዓት ላይ የሚጮኸው ግን የእሱ ስልክ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ