ክዳኑ ተዘግቶ የማይተኛ ላፕቶፕ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና መጫን ገንዘብ እንደሚቆጥብ ጽፋችኋል፤ እስማማለሁ። እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ለተማሪዎች የምመክረው ይህንኑ ነው። ማሽኑን ሳያጠፉ ባትሪ እንዲቆጥብ ስለ ማስተኛት (ስሊፕ) ግን አንድም ቃል አላነሳችሁም።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። ሥርዓቱ እንዲቀልላቸው ብለው ትርፍ የመሰላቸውን ፕሮግራም ሁሉ የሚነቅሉ ደንበኞች አሉኝ። ክዳኑን ዘግተው ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ሲግል ይውላል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ማስተኛት ያውቃል፤ ችግሩ ትእዛዙን የሚያደርስለት መጥፋቱ ነው። ቀድሞ ዩፓወር የሚባለው የኃይል መከታተያ ፕሮግራም ራሱ ያስተኛ ነበር። ከ0.99 እትም ወዲህ ባትሪውን ይከታተላል እንጂ የማስተኛቱን ሥራ ለሎግኢንድ ትቶታል፤ ይህም ሊኑክስን የሚያስነሳውና አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድረው የሲስተምዲ አካል ነው። ሲስተምዲን የማይወድ ሰው ያለ ሲስተምዲ የሚሠራውን የሎግኢንድ ቅጂ፣ ኢሎግኢንድን፣ መጫን ይችላል (በዚህ ጉዳይ የሚካሄደው ጭቅጭቅ ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው)። ተራ ተጠቃሚ ማሽኑን ማስተኛት ይችል እንደሆነ የሚወስነው ፖልኪትም ያስፈልጋል።

እኔን የሚያናድደኝ ሰንሰለቱ መርዘሙ አይደለም፤ አንዱ ቀለበት ሲጎድል ዴስክቶፑ ምንም ሳይናገር «አስተኛ» የሚለውን ምርጫ ማደብዘዙ ነው። የጎደለውን ፕሮግራም ስም ቢጠራ ምን ነበረበት?

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አንባቢዎች ለጫኚው ከመክፈላቸው በፊት ክዳኑን ዘግተው፣ ከፍተው እንዲሞክሩ ንገሩልኝ።

የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከጅማ